ቢያጆ ከማዘዛችሁ በፊት

ክረምቱ ሲወጣ ሞጆ ላይ ከዋናው መንገድ ወደ ግቢያችን የሚያስገባው የጠጠር መንገድ ጉዱ ይገለጣል። ጎማ የቆፈረው ቦይ፣ ውሃ ያቆረ ጉድጓድ፣ መሃል ለመሃል የበቀለ ሣር። ብዙዎቻችን ስልክ አንስተን አንድ ቢያጆ ሬድ አሽ እናዛለን። የዕለት ሥራዬ ሰው እንዲገዛ ማግባባት ነው፤ ዛሬ ግን ቢያንስ ለጊዜው አትግዙ እላችኋለሁ።

መንገዱን የሚያበላሸው የጠጠር ማነስ ብቻ አይደለም፤ መውጫ ያጣ ውሃ ነው። በአካባቢያችን ጥቁር መረሬ አፈር ብዙ ነው። መረሬ ሲርስ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፤ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል። ውሃ በላዩ ከተኛ፣ የደፋችሁት ጠጠር በጎማ እየተረገጠ ጭቃው ውስጥ ይሰምጣል። ለከርሞ ደግሞ ሌላ ቢያጆ፣ ሌላ ወጪ።

ስለዚህ ቅርጽ ይቅደም። ለአጭር መንገድ ትልቅ ግሬደር ማምጣት አያስፈልግም። ከኋላው የብረት ምላጭ፣ ወይም ጥርስ ያለው መቧጠጫ ሳጥን የሚታሰርለት የእርሻ ትራክተር ይበቃል። ትራክተሩን ስትከራዩ ዕቃው አብሮት መኖሩን አስቀድማችሁ ጠይቁ፤ ማረሻ ብቻ ያለው ለዚህ ሥራ አይሆንም።

ጊዜው ወሳኝ ነው። አፈሩ እርጥበት ያልለቀቀው፣ ግን ጎማ ላይ የማይለጠፍ መሆን አለበት። አቧራ ከሆነ በኋላ ከሆነ ውሃ አስረጩ፤ ደረቅ ጠጠር እርስ በርሱ አይያያዝም።

ትራክተሩ ሥራ ሲጀምር አጠገቡ ቁሙ። ልቅ ጠጠር ጠርጎ ጉድጓዱን መሙላት ለዓይን ያምራል እንጂ አይከርምም፤ የመጀመሪያው ዝናብ ያንኑ ጉድጓድ መልሶ ያወጣዋል። ጥርሱ እስከ ጉድጓዱ ወለል ድረስ ወርዶ ዙሪያውን ይፈርፍር። ከዚያ ምላጩ ሰያፍ ሆኖ ጠጠሩን ከዳር ወደ መሃል ይሰብስብ። መንገዱ 3 ሜትር ስፋት ካለው፣ መሃሉ ከዳሮቹ 6 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍ ይበል። ከዳር እስከ ዳር ክር ወጥራችሁ ለኩ። ሾፌሩ በእግር ከሚሄድ ሰው አይፍጠን፤ ከፈጠነ ምላጩ እየዘለለ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ ሞገድ ይሠራል። በመጨረሻ ውሃ ተረጭቶ በሮለር ይጠቅጠቅ። ሮለር ከሌለ፣ ጭነት የያዘ መኪና መስመሩን እየቀያየረ ደጋግሞ ይመላለስበት።

ጠጠር የሚገዛው ይህ ካለቀና እጥረቱ ከታየ ነው። 30 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ስፋት ላለው መንገድ 5 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ለማልበስ 4.5 ሜትር ኩብ ይፈልጋል፤ ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ ጥቂት ጨምሩበት። ሬድ አሽ፣ ማለትም ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር፣ ለብቻው ደቃቅ ስለሚያንሰው አይያያዝም። የአገራችን የመንገድ መሥሪያ ቤት ከእንግሊዝ የመንገድ ምርምር ተቋም ጋር በዚህ ጠጠር ላይ ባደረገው ጥናትም፣ ደቃቅ አፈር ሲቀላቀልበት ጥንካሬው እንደሚጨምር ታይቷል። ስለዚህ ጥቂት ደቃቅ አፈር አብሮት ይደባለቅ።

አሁን ብዙ ጊዜ የማይነሳውን ጥያቄ ላንሳ፦ ውሃው ከእናንተ መንገድ ወርዶ ወዴት ይሄዳል? መንገዳችሁን ከፍ ስታደርጉ ከታች ያለው ጎረቤት በር ዝቅ ይላል። ለእናንተ የደረቀው ውሃ የእማማን ማዕድ ቤት ሊያጥለቀልቅ ይችላል። በክረምት መሃል ለሚነሳ ጠብ ምንጩ ብዙውን ጊዜ በበጋ ሳይመካከሩ የተሠራ ሥራ ነው። ትራክተሩ ከመምጣቱ በፊት በሩ ከታች የሆነውን ሰው አነጋግሩ፣ በሁለቱም ዳር ትንሽ ቦይ አውጡ፤ ቦዩም የጋራ ማፍሰሻው ላይ ይድረስ። የሠፈሩ መንገድ ከሆነ ቀበሌውንም አሳውቁ።

ትራክተር ለአንድ ቤት ብቻ ተብሎ ቢመጣ የመመላለሻው ወጪ ይከብዳል፤ አምስት ቤት ሲካፈለው ይቀላል። መንገዱም ከአንዱ በር እስከ ሌላው ሳይቆራረጥ አንድ ወጥ ቅርጽ ይይዛል። ዘንድሮ ቢያጆ ከማዘዛችሁ በፊት ጎረቤቶቻችሁን ቡና ጥሩ፤ የውሃውን መውረጃ አብራችሁ ዞራችሁ እዩ።