ፊሽካውን ማን ይያዝ?

በአሜሪካ የምናገለግል መጋቢዎች ስንገናኝ ከማይቀሩት ወሬዎች አንዱ የእሑድ ኳስ ነው። ልጆቹ ጠዋት ማሊያ ለብሰው ሜዳ ይውላሉ፣ ወላጆቻቸውም ይዘዋቸው ይሄዳሉ፣ የልጆች አገልግሎት ክፍሉ ይሳሳል። ስለዚህ ብዙ ተጸልዮአል፣ ብዙም ተሰብኮአል። ዛሬ ግን የምንጽፈው በዚያው ሜዳ መካከል ፊሽካ ይዞ ስለሚቆመው ሰው ነው። ቤተ ክርስቲያን ከወጣቶቿ መካከል የልጆች እግር ኳስ ዳኞች እንዲወጡ ማበረታታት ይገባታል ብለን እናምናለን። ነገሩ ለአንዳንድ ወገኖች ተራ ሊመስል ይችላል፤ ለእኛ ግን እንደዚያ አይደለም።

የልጆችን ጨዋታ የሚዳኘው ብዙ ጊዜ ራሱ ልጅ ነው። በአሜሪካ እግር ኳስ ፌዴሬሽን አንድ ልጅ 13 ዓመት ሲሞላው የመጀመሪያ ደረጃ የዳኝነት ፈቃድ ማውጣት ይችላል። ኮርሱ በከፊል በኢንተርኔት፣ በከፊል በአካል ይሰጣል፤ ፈቃዱም በየዓመቱ ይታደሳል። ስለዚህ የዘጠኝ ዓመት ሕፃናትን የሚያጫውተው የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ከመስመሩ ዳር የሚጮኸው ደግሞ የአርባ አምስት ዓመት አባት ነው። አንዳንዱ ጯኺ ከእኛው ጉባኤ የመጣ ነው፤ “ዳኛው ሌባ!” የሚለውን ከአዲስ አበባ ስታዲየም ይዞት መጥቷል። ልጁ አማርኛ አይሰማም ብሎ የሚጽናና ካለ፣ ጣት ሲቀሰርበት ለማወቅ ትርጉም አያስፈልገውም።

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶችን ውድድር የሚመራው የአሜሪካ ብሔራዊ ማኅበር ከ2018-19 የውድድር ዘመን በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ብቻ በሁሉም የስፖርት ዓይነቶች 50,000 ያህል ዳኞች ሥራውን እንደ ተዉ ተናግሯል። የኮሮና ወረርሽኝ ድርሻ ነበረው፤ ነገር ግን ከዳኞቹ አፍ የሚሰማው ዋነኛ ምሬት የተመልካች ስድብ ነው።

ቋንቋችን በችሎት ለሚቀመጠውም በሜዳ ለሚሮጠውም አንድ ስም ሰጥቶአል፦ ዳኛ። አባቶቻችን መንገድ ላይ ሲጣሉ አላፊ አግዳሚውን አስቁመው ዳኛ ያደርጉ ነበር። “በሕግ አምላክ!” ሲባል ጉልበተኛው ሳይቀር ቀጥ ይል ነበር። ሜዳ ላይ ፊሽካ ሲነፋ ሃያ ሁለት ሰው የሚቆመውም በነፊው ጡንቻ አይደለም። ኳሱም ቢሆን ያለ ዳኛ ሊኖር ሞክሮ ነበር። እስከ 1891 እ.ኤ.አ. ድረስ እያንዳንዱ ቡድን የራሱን ሰው ያቆም ነበር፤ ሁለቱ ካልተስማሙ ብቻ ከሜዳው ውጭ ያለ ሦስተኛ ሰው ይጠየቃል። ጨዋ ሰው ሆን ብሎ አያጠፋም የሚል እምነት ነበራቸው። በዚያው ዓመት ዳኛው ወደ ሜዳው ገባ፣ ፍጹም ቅጣት ምትም በዚያው ዓመት ተደነገገ። ስለ ሰው ልጅ ውድቀት ማስተማር ለከበደው አገልጋይ ይህ ታሪክ ያግዘዋል።

ዮቶር ለሙሴ ስለ ዳኞች የመከረውን (ዘጸአት 18) ስናነብ ዕውቀት ያላቸውን፣ እግዚአብሔርን የሚፈሩትን፣ የታመኑትንና ጉቦ የሚጠሉትን እንዲመርጥ ነግሮታል። ዘሌዋውያን 19፥15 ደግሞ ለባለጠጋው ብቻ ሳይሆን ለድኻውም እንዳይታደላ ያዛል። ይህ ሁለተኛው ክፍል ለስደተኛ ልጅ ከባድ ነው። በአንድ ወገን ውድ ታኬታ ያደረጉ የሀብታም ሰፈር ልጆች፣ በሌላው ወገን የአክስቱ ልጅ ያለበት ቡድን ሲቆሙ ልቡ ወዴት እንደሚያደላ እናውቃለን። ፊሽካው ግን ዘመድ የለውም።

ከወላጆች የሚነሳ አንድ ጥያቄ አለ፤ ቀላል አድርገን አናየውም። እኛ ልጆቻችንን ታላቅን እንዲያከብሩ፣ አባት ሲናገር ዝም እንዲሉ አሳድገናል። አሁን የአሥራ አራት ዓመት ልጅ በዕድሜ አባቱ የሚሆነውን አሰልጣኝ “ከደገሙት ከሜዳ ይወጣሉ” ሲል ምን እያስተማርነው ነው? ብልግና ነው? አይደለም እንላለን። ሥልጣኑ የእርሱ ሳይሆን የሕጉ መሆኑን የተረዳ ልጅ “ጋሼ፣ እባክዎ ከመስመሩ ወደ ኋላ ይበሉ” ማለት ይችላል፤ አክብሮቱም አይጎድል፣ ትእዛዙም አይላላ። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ማንም ወጣትነትህን አይናቅ ሲለው ታላላቆችን ስደብ ማለቱ አልነበረም። በቤት “አቤት” እያለ ያደገ ልጅ በሥራ ቦታ እውነት መናገር ሲያቅተው አይተናል። አለቃው የሐሰት ወረቀት አምጥቶ ፈርም ሲለው ከማፈር የተነሳ ይፈርማል። ለዚያ ቀን ልምምድ የሚሆነው ስብከት ብቻ አይመስለንም።

አንድ ምሳሌ እንጨምር። በአሜሪካ ከ2016 ጀምሮ አሥር ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆች ኳስን በቴስታ እንዲመቱ አይፈቀድም፤ ምክንያቱም የሕፃናቱ አእምሮ እንዳይጎዳ ነው። ልጁ ዘሎ በቴስታ ያገባውን ያማረ ጎል ዳኛው ይሽረዋል፣ ለተቃራኒው ቡድንም ቀጥተኛ ያልሆነ ቅጣት ምት ይሰጣል። አባትየው ያብዳል። ዳኛው ግን በዚያች ደቂቃ ለልጁ ጭንቅላት ከአባቱ ይልቅ ቀርቦ ቆሞአል።

ዳኛ ይሳሳታልም። ሕጉ እንደሚለው ጨዋታው እንደገና ካልተጀመረ ውሳኔውን መለወጥ ይችላል፤ ከተጀመረ በኋላ ግን አይችልም። ሰው ሁሉ እያየ “ተሳስቻለሁ፣ ኳሱ የእነርሱ ነው” ማለት በሽማግሌዎች ስብሰባ እንኳ የማናገኘው ድፍረት ነው።

ወደ እሑዱ ጉዳይ እንመለስ። ተጫዋቹ የሚጫወትበትን ሰዓት የሚወስንለት ሊጉ ነው። ዳኛው ግን የሚችልበትን ቀንና ሰዓት ራሱ አስቀድሞ ያሳውቃል፤ እሑድ ጠዋትን መዝጋት ይችላል። ለጨዋታውም ይከፈለዋል፤ ከዚያ ገንዘብ አሥራት ማውጣት መማር ለወጣት መልካም ጅማሬ ነው። ወላጆችም ቢሆኑ ለዚህ ኮርስ ዕድሜያቸው አላለፈም። ሲጮሁ የነበሩት ሁለት ሦስቱ ቢማሩት ደግሞ ከመስመሩ ዳር ያለው ድምፅ በጣም የሚቀንስ ይመስለናል።

የጸደዩ ውድድር ሊጀምር ሲል በብዙ ግዛቶች አዳዲስ ኮርሶች ይከፈታሉ፤ ምዝገባው በየግዛቱ የዳኞች ኮሚቴ በኩል ነው። የወጣቶች አገልግሎት መሪዎች ሦስት አራት ልጆችን አብረው ያስመዝግቡ፤ ብቻውን የሚጀምር ልጅ ከመጀመሪያው ስድብ በኋላ ሊተወው ይችላል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ደግሞ ከሽማግሌዎች አንዱ ውኃ ይዞ ይሂድና ከመስመሩ ዳር ይቁም፤ ጨዋታው ሲያልቅም ለማንም ሳይሆን ለዳኛው ያጨብጭብለት።