አምስቱ ሳምንታት የኮምፒውተር ስህተት አይደሉም

የለንደን ሐበሻ ስለ ቤኔፊት ሲያወራ ወሬው ብዙ ጊዜ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሐሜት ነው፤ እገሌ እየሠራ ይቀበላል፣ እገሊት ቤት ተሰጣት። ሌላው እሮሮ ነው፤ ካመለከትኩ ወር አለፈኝ፣ ገንዘቡ አልገባም፣ ስደውል «ሲስተሙ ነው» ይሉኛል። ሐሜቱን እንለፈው። እኔ ሶፍትዌር እየሠራሁ ስለምኖር ጆሮዬን የሚይዘው እሮሮው ነው። ምክንያቱም ሲስተሙ ላይ የሚላከከው መዘግየት አብዛኛው ብልሽት አይደለም። ታስቦበትና በሕግ ተደንግጎ የተሠራ ነው።

ዩኒቨርሳል ክሬዲት በ2012 (ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በወጣ ሕግ ተመሥርቶ ከኤፕሪል 2013 ጀምሮ ሥራ ላይ ዋለ። ስድስት የተለያዩ ድጎማዎችን ጠቅልሎ አንድ አደረገ። ክፍያው በወር አንዴ፣ ያውም ወሩ ካለቀ በኋላ ነው። ካመለከቱበት ቀን አንስቶ አንድ ወር ይቆጠራል፣ ከዚያ እስከ ሰባት ቀን ይጨመራል፤ በድምሩ አምስት ሳምንት። ከ2018 በፊት ስድስት ነበር። ሐሳቡ ድጎማ የሚቀበለው ሰው እንደ ደመወዝተኛ በወር መኖር ይልመድ የሚል ነው። በሳምንት እየተከፈለው የኖረ የፅዳት ሠራተኛ ግን አምስት ሳምንት የሚሻገርበት ቁጠባ ከየት ያመጣል? «ቅድሚያ ክፍያ አለ» ይባላል። እሱ ደግሞ ብድር ነው፤ እስከ 24 ወር ድረስ ከየወሩ ይቆረጣል። በ2025 ዕድሜው 25 እና ከዚያ በላይ የሆነ ላጤ መደበኛ ክፍያው በወር 400.14 ፓውንድ ነበር። የሚቆረጠው እንግዲህ ከዚህች ላይ ነው። የቤት ኪራይ ድጋፉ ለብቻ ቢታሰብም የሚገባው በዚያው ቀን ነው፤ አከራይ ግን የራሱ ቀን አለው።

እኔ የምኖርበት ባተርሲ ዛሬ የሚታወቀው በ2022 ተታድሶ በተከፈተው የኃይል ማመንጫና እዚያ በገባው አፕል ነው። ድሮ ግን የሚታወቀው በሠራተኞቹ ነበር። ከ1892 ጀምሮ የአካባቢው የፓርላማ ተመራጭ የነበረው ጆን በርንስ ራሱ መካኒክ ነበር፤ በ1880ዎቹ ከለንደን ሥራ አጦች ጋር አደባባይ ወጥቶ ታስሯል። እሱ ሚኒስትር ሳለ በ1911 የወጣው የብሪታንያ የመጀመሪያው የሥራ አጥ መድን በሳምንት ሰባት ሺሊንግ ይከፍል ነበር። ሳይከፈልበት የሚታለፈው የመጀመሪያው ሳምንት ብቻ ነው። ያኔ በካርድና በቴምብር ይሠራ የነበረው ዛሬ በኮምፒውተር አምስት ሳምንት ይፈጃል ማለት ነው።

በጁን 2020 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የወሰነው ጉዳይ ነገሩን ፍንትው አድርጎ ያሳያል። ከሳሾቹ እየሠሩ ልጆቻቸውን ለብቻቸው የሚያሳድጉ አራት እናቶች ነበሩ። ደመወዛቸው የሚገባው በወር መጨረሻ አካባቢ ነው። ቀኑ ቅዳሜ ወይም በዓል ላይ ሲውል አሠሪው ቀደም አድርጎ ይከፍላል፤ ያኔ ሁለት ደመወዝ በአንድ የሒሳብ ወር ውስጥ ይወድቃል። ሲስተሙም ሴትየዋ ድንገት እጥፍ ያገኘች መስሎት ድጎማዋን ይቀንሳል። የደመወዝ ፕሮግራም የነካ ማንም ጀማሪ ይህን ያውቀዋል፤ ገንዘቡ የገባበትን ቀን ከተሠራበት ወር ጋር ማምታታት ነው። መንግሥት ግን አውቶማቲኩን ሲስተም መቀየር ውስብስብና ውድ ነው ብሎ ተከራከረ። ፍርድ ቤቱ ችግሩን ሳያስተካክሉ መተው ከምክንያታዊነት የወጣ ነው አለ። ደንቡ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ተስተካከለ። ኮዱን ለማስቀየር ዳኛ ያስፈለገው ኮዱ ስለከበደ አይመስለኝም።

ለኛ ሰው የሚቀርበው ሌላ ሒሳብ አለ። ጥገኝነት ጠያቂ ወረቀት ሲወጣለት ሆም ኦፊስ የሰጠውን መኖሪያና የሳምንት ገንዘብ በ28 ቀን ያቋርጣል። በዲሴምበር 2024 ለሙከራ ወደ 56 ቀን ከፍ ተደርጎ ነበር፤ በሴፕቴምበር 2025 ለላጤዎች ወደ 28 ተመለሰ። ዩኒቨርሳል ክሬዲት 35 ቀን ገደማ ይፈጃል። ልጁ ወረቀቱ በወጣ ዕለት ቢያመለክት እንኳ ሰባት ሌሊት ይጎድለዋል። የባንክ ሒሳብ እስኪከፍት የሚባክነውን ሳንቆጥር ነው ይሄ። ሰባቱን ሌሊት የት ያድራል? አብዛኛውን ጊዜ የአገሩ ልጅ ሶፋ ላይ። መንግሥት ቆጠብኩ የሚለውን ወጪ የሚሸፍነው፣ ጠባብ ክፍሉን የሚያካፍለው ያ የሌሊት ፈረቃ ሠራተኛ ነው።

«ይህ እኔን አይመለከትም» የምትሉ ባለሙያዎችም አላችሁ። በሥራ ቪዛ ያለ ሰው ዩኒቨርሳል ክሬዲት እንዳይወስድ በቪዛው ተከልክሏል፤ ከሥራ ሲቀነስ ደግሞ ቪዛው አብዛኛውን ጊዜ ወደ 60 ቀን ያጥራል። ሆኖም ኒው ስታይል ጆብሲከርስ አላዋንስ የሚባል ክፍያ አለ። እሱ ድጎማ ሳይሆን መድን ነው፤ ባለፉት ሁለትና ሦስት ዓመታት ተቀጥሮ በቂ ናሽናል ኢንሹራንስ ለከፈለ ሰው የሚሰጥ። በኢሚግሬሽን ደንቡ ላይ «የሕዝብ ገንዘብ» ተብለው ከተዘረዘሩት ውስጥ የለም። በ2025 በሳምንት እስከ 92.05 ፓውንድ ነበር፤ እስከ 182 ቀን፣ በየሁለት ሳምንቱ ይከፈላል። ቁጠባህንም የባለቤትህንም ደመወዝ አይጠይቅም። የኛ ሰው ግን «ቪዛዬ ላይ ይጻፍብኛል» ብሎ ይተወዋል። ፍርሃቱ ይገባኛል። አገር ቤት የምናውቀው አሠሪው በአዋጅ 1156/2011 መሠረት የሚከፍለውን የስንብት ክፍያ ነው፤ መንግሥት የሚከፍለው የሥራ አጥ መድን የለንም። ስለዚህ ከደመወዛችን በየወሩ የሚቆረጠው መድን መሆኑ ትዝ አይለንም። የሚጠራጠር ሰው ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን አማካሪ ይጠይቅ እንጂ በቡና ላይ ወሬ አይወስን።

ክፍያ ሲዘገይ ደግሞ በስልክ «ሲስተሙ ነው» በሚል መልስ አትመለሱ። በኦንላይን ጆርናላችሁ ላይ በየትኛው ቀንና በየትኛው ውሳኔ ምክንያት እንደዘገየ በጽሑፍ ጠይቁ። ውሳኔው የተሳሳተ ከመሰላችሁ እንደገና እንዲታይ ለማመልከት ያላችሁ ጊዜ ውሳኔው ከተሰጠበት ቀን ጀምሮ አንድ ወር ነው።