ርካሽ ቤንዚን ወዴት ይገኛል?

ሰፈራችን ዓለም ባንክ ይባላል፤ ነገር ግን ባንኩ በስማችን ላይ እንጂ በኪሳችን ውስጥ የለም። አባቴ ባጃጅ ነጂ ነው፤ ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ሰፈር ሰው ያመላልሳል። የእኔ ደብተርና የታናናሾቼ ምሳ የሚወጣው ከዚያች ባጃጅ ስለ ሆነ፣ ስለ ቤንዚን ጥቂት አሳብ ለመስጠት መድፈሬን እንደ ትዕቢት አትቁጠሩብኝ።

በብዙ አገር ዋጋውን የሚወስነው ባለማደያው ስለ ሆነ፣ ሰው ርካሽ ቤንዚን ፍለጋ ከማደያ ወደ ማደያ ይዞራል። በእኛ አገር ግን ዋጋውን የሚያወጣው መንግሥት ነው፤ የንግድና ቀጣናዊ ትስስር ሚኒስቴር በየጊዜው ያስታውቃል፤ የአዲስ አበባ ማደያዎችም ሁሉ በዚያው ይሸጣሉ። ስለዚህ አየር ጤናም ቢሄዱ ቤቴልም ቢሄዱ ዋጋው ያው ነው። በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አንድ ሊትር ቤንዚን 47 ብር ከ83 ሳንቲም ነበረ፤ በታኅሣሥ 30 ቀን 2017 ዓ.ም. 101 ብር ከ47 ሳንቲም ገባ። ነዳጃችን በአብዛኛው ከባሕር ማዶ ተገዝቶ፣ ከጅቡቲ ከ800 ኪሎ ሜትር በላይ በቦቴ ተጭኖ የሚመጣ ነውና የዓለም ገበያና የውጭ ምንዛሪ በተናጉ ቁጥር እኛም እንናጋለን። ይህ ዛሬ የተጀመረ አይደለም፤ በየካቲት 1966 ዓ.ም. የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በቤንዚን መወደድ ሥራ ማቆማቸውን፣ ያም ለአብዮቱ መቀስቀስ አንዱ ምክንያት መሆኑን በታሪክ ትምህርት ተምረናል።

እንግዲህ ዋጋው አንድ ከሆነ ልዩነቱ በምንድን ነው? በወረፋው ነው። ዋጋ በሕግ ሲወሰንና ዕቃው ሲያንስ፣ የጎደለው ገንዘብ በጊዜ ይከፈላል። ባለፈው ዓመት አባቴ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተሰልፎ፣ ረፋድ 4 ሰዓት ላይ «አልቋል» ተባለ። ከስድስት ሰዓት በኋላ ባዶ እጁን ሲመለስ ፊቱን ማየት ከበደኝ። ስለዚህ ለመጽሐፍ ያጠራቀምሁትን ገንዘብ ይዤ፣ ሳልነግረው፣ ከመንገድ ዳር በፕላስቲክ ጠርሙስ የሚሸጠውን ከማደያው ዋጋ አስበልጬ ገዛሁለት። አባቴን የረዳሁ መስሎኝ ነበር። በማግሥቱ ባጃጇ እየተንተፋተፈች ቆመች፤ መካኒኩም ከፍቶ አይቶ «ውኃ ተቀላቅሎበታል» አለ። አባቴ አልተቆጣኝም፤ «ልጄ፣ ወረፋው ቀኔን ይበላል፤ ይህ ግን እንጀራዬን በላ» ብቻ አለኝ። ቁጣ ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ቸርቻሪውም እናቱን የሚጦር ድኻ ነው» ይላሉ። እውነት ነው፤ አልፈርድበትም። ነገር ግን በጄሪካን የተቀዳው ቤንዚን ከእነአባቴ ወረፋ የተወሰደ ነው፤ ትርፉን የሚከፍለው ድኻው ተሳፋሪ ነው። ከዚህም በላይ የቤንዚን ትነት በትንሽ ብልጭታ ይነዳል፤ ጎጆዎች በተጠጋጉበት ሰፈር ጄሪካን አልጋ ሥር ማስቀመጥ እሳትን ማሳደር ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ? መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚን የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክሎ ወደ ኤሌክትሪክ ፊቱን አዙሯል፤ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን የአባቴ ባጃጅ ነገ በኤሌክትሪክ አትነሣም። ስለዚህ በእኔ አስተያየት እያንዳንዱ ማደያ ምን ያህል ሊትር እንደ ገባለትና ስንት ተሽከርካሪ ሊያደርስ እንደሚችል ማለዳ በሰሌዳ ቢለጥፍ፣ የማይደርሰው ሰው ሌሊቱን በከንቱ አይቆምም ነበር። ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ ጠመኔና ቅንነት ይበቃዋል። ነጂዎችም የጎማቸውን ነፋስና የሞተራቸውን ማጣሪያ ቢጠብቁ ከአንዱ ሊትር የበለጠ መንገድ ያገኛሉ። እኛ ተማሪዎች ደግሞ አጭሩን መንገድ በእግራችን እንሂድ፤ ለጥቂት ብር ብለን የጄሪካን ተላላኪ አንሁን።

ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ርካሽ ቤንዚን በመንገድ ዳር አይገኝም፤ እኔ ፈልጌ ያገኘሁት ውኃ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደ ተባለው፣ ወረፋውን በመተሳሰብ ብናሳጥረው ግን ለአባቶቻችን ከሊትር የሚበልጥ ቀን እንመልስላቸዋለን።