«መርፌ እኮ ብቻ ነው»



ዛሬ ፊትን ለማሳመር የግድ ቢላ አያስፈልግም። ግንባርን በቦቶክስ ማለስለስ፣ ከንፈርንና ጉንጭን በፊለር መሙላት፣ የላላ ቆዳን በክር መሳብ በምሳ ሰዓት የሚያልቅ ጉዳይ ሆኗል። ስለዚህም አንዳንድ ወገኖች «ፓስተር፣ መርፌ እኮ ብቻ ነው፤ ምን ኃጢአት አለው?» ይሉናል።

ሕክምናን አንቃወምም። ቦቶክስ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1989 መጀመሪያ የተፈቀደው ለዓይን መንሸዋረርና ያለፈቃድ ለሚጨፈን የዓይን ቆብ ነበር፤ በቅንድብ መካከል ያለውን መጨማደድ ለማለስለስ የተፈቀደው በ2002 ነው። በቃጠሎ ወይም በአደጋ የተጎዳ ፊት ሲታከም እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ክርክራችን ጤነኛ ፊት ላይ ስለሚወጋው ነው።

«ብቻ» የምትለዋን ቃል ግን አንቀበልም። ቦቶክስ ከባክቴሪያ የሚገኝ መርዝ ነው፤ በጣም በትንሹ ተሰጥቶ ነርቭ ለጡንቻ የሚልከውን ትእዛዝ ያግዳል። ከሦስት እስከ አራት ወር ባለው ጊዜ ኃይሉ ስለሚያልቅ እንደገና መወጋት ይመጣል። ፊለር በስሕተት ደም ሥር ውስጥ ከገባ ቆዳን ሊገድል፣ አልፎ አልፎም ዓይን ሊያጠፋ ይችላል። የመርፌው ቀዳዳ ስላነሰ ነገሩ አላነሰም። ቢላ ቢሆን ሰው ፈርቶ፣ አስቦ፣ ጸልዮ ይወስናል፤ መርፌ ግን ሳያሳስብ ይለመዳል። በዓመት ሦስት አራት ጊዜ ገንዘባችንንና ሥጋችንን ይዘን የምንቀርብበት ስፍራ መሠዊያ ካልተባለ ምን ይባላል?

እህቶቻችንን ብቻ ከወቀስን ግን ግብዞች ነን። መዘምራንን ስናሰልፍ ካሜራ የሚወደውን ፊት ከፊት፣ በጸሎት የሸመገሉትን እናቶች ከኋላ ያደረግነው እኛ አይደለንም? ለኮንፈረንስ ማስታወቂያ በወጣው ፎቷችን ላይ የገዛ መጨማደዳችንን ያስጠፋነውስ እኛው አይደለንም? እግዚአብሔር ልብን እንደሚያይ (1ኛ ሳሙ. 16፥7) እየሰበክን ሰውን በፊቱ ስንመዝን ያየች ልጅ ክሊኒክ ብትሄድ ምን ይገርማል? ንስሐው ከመድረኩ ይጀምር።

መጽሐፍ ሽበትን እንደ ዘውድ እንጂ እንደ በሽታ አይቆጥረውም (ምሳ. 16፥31)። ለቅሶ ቤት ስንገባ ሐዘንተኛውን የምናጽናናው ከአፋችን በፊት በፊታችን ነው። ከሚያለቅሱ ጋር ለማልቀስ የተጠራን ሕዝብ፣ ግንባራችን እንዳያዝን ገንዘብ እንከፍላለን?

የተወጋችሁ ወገኖች፣ ማንም አያሸማቅቃችሁ፤ በጌታ ፊት ያላችሁ ዋጋ በመርፌ አልጨመረም፣ በመርፌም አልቀነሰም። ያሰባችሁ ደግሞ ቀጠሮ ከመያዛችሁ በፊት አንድ ሳምንት ጸልዩ፤ «ይህን ፊት የምፈልገው ለማን ብዬ ነው?» በሉ። ከወሰናችሁም ፈቃድ ያለው ሐኪም ዘንድ እንጂ ውበት ሳሎን ውስጥ አትወጉ። እስከ ሽምግልና የሚሸከመን አምላክ (ኢሳ. 46፥4) ፊታችን ሲያረጅ አያፍርብንም።