ስለ ጠቅላላ ሐኪሞች ተከታታይ ትምህርት ለአዘጋጆቹ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ



ጠቅላላ ሐኪም ዕውቀቱን በየጊዜው እንዲያድስ፣ ይህንንም ካላስመሰከረ የሙያ ፈቃዱ እንዳይታደስለት የሚያዝዘውን ሥርዐት ለመንቀፍ ይህን ደብዳቤ አልጻፍሁም፤ ከተመረቀበት ቀን ወዲህ በትምህርተ ሕክምና አንድም ነገር ሳይጨምር የሚያክም ሰው በድውያን ላይ የሚያመጣውን መከራ በየሆስፒታሉ ስላየሁ፣ ግዴታው ሲደነገግ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበርሁና። ቅሬታዬ ግዴታው በሚፈጸምበት መንገድ ላይ ነው፤ ይኸውም ሐኪሙ ምን እንደ ተረዳ፣ ወደ ሥራውም ተመልሶ በሕሙማኑ አያያዝ ላይ ምን እንደ ለወጠ ሳይጠየቅ፣ በአዳራሽ የተቀመጠበት ሰዓት ተቆጥሮ ነጥብ የሚሰጥበት ልማድ ነው።

ከሙያው ውጭ ያለ አንባቢም እንዲያውቀው ልማዱን በአጭሩ ልግለጸው። በአንድ ወረዳ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የሚያገለግል ወጣት ሐኪም የጥሪ ደብዳቤ ይደርሰውና ወደ አዳማ፣ ወደ ቢሾፍቱ ወይም ወደ ሐዋሳ ይሄዳል፤ በሆቴል አዳራሽ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ በመከታተያ ወረቀት ላይ ይፈርማል፤ ከዋናው ከተማ የመጡት መምህርም ሲቲ ስካን፣ የጽኑ ሕሙማን ክፍልና የተሟላ ላቦራቶሪ ባለበት በማስተማሪያ ሆስፒታል ለስፔሻሊቲ ተማሪዎች ያዘጋጁትን ስላይድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነቡለታል፤ በመግቢያው የተፈተነውን ጥያቄ በመውጫው ደግሞ ተፈትኖ፣ የምስክር ወረቀቱንና አበሉን ተቀብሎ ይመለሳል። (የሆቴሉን ምሳ የማማ እንዳልሆንሁ ይታወቅልኝ፤ ምሳው ከትምህርቱ ይልቅ በጥንቃቄ የተሰናዳባቸውን ጉባኤያት አውቃለሁ።) ሐኪሙ በሌለበት ሳምንት ተረኝነቱ አብሮት አይሄድም፤ ሦስት ወይም አራት ሐኪም ብቻ ባለበት ሆስፒታል የአንዱ መሄድ የቀሩትን ሌሊት ያረዝመዋል፤ ትላንት ዐይኑን ያልከደነው ባልደረባው ዛሬም እንዲሁ ያድራል። በኢንተርኔት የሚሰጠው ትምህርት ይህን አንዱን ችግር ቢያስቀርም፣ ገጹን ሳያነቡ መግለጥ፣ ፈተናውንም እስኪያልፉ ድረስ መደጋገም በሚቻልበት ዘንድ ፍሬው ከአዳራሹ ፍሬ የሚሻል አይደለም።

እንግዲህ ይህ ሐኪም ወደ ድንገተኛ ክፍሉ ሲመለስ የሚጠብቀው ምንድር ነው? ትኩሳት ያቃጠለው፣ እጅ እግሩ የቀዘቀዘ፣ የልቡ ምት የተጣደፈ ሕፃን በእናቱ እቅፍ ሆኖ ይጠብቀዋል። ሐኪሙ ከመጻሕፍት የተማረው ሥርዐት በደም ሥሩ ብዙ ፈሳሽ በፍጥነት እንዲሰጠው ያዝዘዋል፤ ነገር ግን በኬንያ፣ በዩጋንዳና በታንዛንያ በ3,141 ሕፃናት ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2011 የታተመውና ፊስት የተባለው ጥናት፣ ፈሳሹ በፍጥነት ከተሰጣቸው ሕፃናት በ48 ሰዓት ውስጥ ከመቶ 10 ተኩል ያህሉ ሲሞቱ፣ የዕለት መጠናቸው ብቻ በዝግታ ከተሰጣቸው የሞቱት ግን ከመቶ 7 ጥቂት የሚበልጡ መሆናቸውን በመግለጡ፣ በብዙ አገር ሊቃውንት ዘንድ ድንጋጤን ፈጠረ። ጥናቱ የተደረገው በአፍሪካ ምድር፣ ሰው ሠራሽ መተንፈሻ በሌለባቸው ሆስፒታሎች ስለ ሆነ፣ ከማንም በፊት የሚመለከተው ይህንኑ የወረዳ ሐኪም ነው። ደግሞም በተቅማጥ ሰውነቱ የደረቀውን ሕፃንና በምግብ እጥረት ክፉኛ የተጎዳውን አልጨመረም፤ ስለዚህ በተቅማጥ ለደረቀው ሲቸኩሉ ለሌላው መታገሥ ያስፈልጋል፤ ይህን ለይቶ መፍረድ ደግሞ ሕፃኑ ፊት ለፊት ተኝቶ፣ ከጎን የሚጠይቁት ሰው ቆሞ፣ ከሰዓት በኋላም ተመልሰው እያዩት የሚማሩት እንጂ አንድ ጊዜ ሰምተው የሚይዙት ነገር አይደለም።

ሌላው የከፋ ምሳሌ ዕውቀቱ ሳይጠፋ ሥራው የጠፋበት ነው። በእርግዝና ምክንያት ለሚነሣው የመንቀጥቀጥ ደዌ፣ ኤክላምፕሲያ ለምንለው፣ ማግኒዥየም ሰልፌት ከዲያዜፓም እንደሚበልጥ በ1,687 ሴቶች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ1995 በታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት ተረጋግጧል፤ መንቀጥቀጡ ተመልሶ የመምጣቱን ዕድልም ከግማሽ በላይ ቀንሶታል። ይህን ያልሰማ ሐኪም የለም ማለት ይቻላል። ታዲያ መድኃኒቱ በመደርደሪያ ሳለ እናቲቱ ሳትወስደው የምትቀረው ለምንድር ነው ቢባል፣ ተከታዩን መጠን ከመስጠት በፊት የጉልበቷን ምላሽ በመዶሻ መፈተሽ፣ ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 አለማነሱን መቁጠር፣ ሽንቷ በሰዓት ከ30 ሚሊ ሊትር አለማነሱን መለካት፣ ትንፋሿ ቢደክም የሚደርስላትን ካልሲየም ግሉኮኔት በአጠገብ ማኖር ሁሉ የእጅ ሥራ ስለ ሆነና እጁ ያልለመደው ሐኪም መድኃኒቱን ከደዌው አብልጦ ስለሚፈራው ነው። ፈርቶም ወደ ሌላ ሆስፒታል ሪፈር ይጽፋል፤ እርሷም በጨለማ፣ በኮረኮንች መንገድ ላይ፣ በአምቡላንስ ውስጥ እንደ ገና ትንቀጠቀጣለች። ስለዚሁ መድኃኒት የሠለጠነበት የምስክር ወረቀት ግን በፋይሉ ውስጥ ተሟልቶ ይገኛል።

ይህ የአንድ ሰው ምሬት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ተመራማሪው ዴቭ ዴቪስና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ሕክምና ማኅበር መጽሔት ላይ ያወጡት ግምገማ ተቀምጦ ማዳመጥ ብቻውን የሐኪሙን አሠራር እንደማይለውጥ፣ ተሳታፊው የሚሠራበትና የሚከራከርበት ትምህርት ግን ሊለውጠው እንደሚችል ያስረዳል። ከዚያ ዐሥር ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2009፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ኮክሬን የተባለው ድርጅት 81 ጥናቶችን ሰብስቦ በመዘነ ጊዜ፣ ስብሰባና ዐውደ ጥናት በሐኪሙ ሥራ ላይ የሚያመጣው መሻሻል በመካከለኛ ስሌት ከመቶ 6 ያህል ሆኖ ተገኘ። ስድስቱም ቢሆን አይናቅም፤ ነገር ግን ለዚህ ለስድስቱ ሲባል የአዳራሹ፣ የነዳጁና የአበሉ ወጪ፣ ከዚህም በላይ ባዶ የቀረው የተረኛ ወንበር ሲታሰብ፣ ዋጋው ውድ ነው።

ሰምቶ መቀመጥ ብቻውን እንደማያስተምር የቅኔ ጉባኤ ቤት ከእኛ አስቀድሞ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ተማሪው የመምህሩን መንገድ ሰምቶ ሲያበቃ፣ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ዕጣነ ሞገር ድረስ በየዕለቱ የራሱን ቅኔ ቆጥሮ በመምህሩ ፊት ይነግራል፤ ቤቱ የተሰበረበት፣ ምሥጢሩ የሳተበት እንደ ሆነ በጓደኞቹ መካከል ይታረማል፤ በማግሥቱም ሌላ ይዞ ይመጣል እንጂ፣ ጎጆ ውስጥ የከረመበት ክረምት ተቆጥሮለት መምህር የሚሰኝ የለም። ሐኪሙም የራሱን ሕሙማን ይዞ ቀርቦ ይታረም ማለቴ ነው።

በሕክምናውም ቢሆን አብነት አናጣም። የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው በደምቢያ ወባ ብዙ ሕዝብ ከፈጀ በኋላ ነበር፤ ኮሌጁም የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የሳኒቴሽን ባለሙያውን በአንድነት ወደ ገጠር ጤና ጣቢያ እየላከ፣ ሕዝቡ ባለበት ሆነው እንዲማሩ ያደርግ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ ዶክተር ሳንጂቭ አሮራ በኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2003 የጀመሩት፣ ኤኮ የተባለው አሠራር የገጠሩን ሐኪም ከቦታው ሳያነሣ በየሳምንቱ በቪዲዮ ከስፔሻሊስቶች ጋር ያገናኘዋል፤ እርሱም የገዛ ሕሙማኑን ታሪክ እያቀረበ ከእነርሱ ጋር ይመካከራል። እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ውጤት፣ ሄፓታይተስ ሲ የተባለው የጉበት ደዌ ከያዛቸው መካከል በገጠሩ ሐኪሞች እጅ የታከሙት ከመቶ 58፣ በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ የታከሙት ከመቶ 57 ተኩል ያህል ድነዋል፤ እንግዲህ በሁለቱ መካከል ልዩነት የለም ማለት ነው።

ሰዓት መቁጠር ለተቆጣጣሪ ይቀላል፣ በጀቱም ለሥልጠና ተብሎ የተያዘ ነው፣ ሐኪሞቹም ራሳቸው ይህንኑ ይወድዳሉ ትሉኝ ይሆናል። የመጀመሪያው እውነት ነው፤ ነገር ግን ለቆጣሪው መቅለሉ ለታማሚው ምን ይፈይድለታል? ስለ ሁለተኛው፣ በጀት ያወጣ ሰው በጀት ሊያዛውር እንደሚችል ብቻ እናገራለሁ። ሦስተኛውን አልክድም፤ አበሉ ለብዙዎቹ የቤት ኪራይ ይሆናል፤ ይህንን ግን የሐኪሙ ስግብግብነት አድርጎ የሚያወራ ሰው የጀማሪ ሐኪምን የደመወዝ ወረቀት አይቶ የማያውቅ ነው። ደመወዙ የማይበቃ ከሆነ ደመወዙ ይሻሻል እንጂ፣ ትምህርቱ የደመወዝ መደጎሚያ ሆኖ ሊቀር አይገባም።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህ ነው፤ ከሚፈለገው ነጥብ ቢያንስ ግማሹ ሐኪሙ በሚሠራበት ሆስፒታል የሚገኝ ይሁን፤ በየወሩ ባልደረቦቹ ተሰብስበው በዚያ ወር የሞቱትንና ሪፈር የተጻፈላቸውን ሕሙማን ካርድ አንሥተው ቢመረምሩ፣ የተስማሙበትንም ለውጥ በመዝገብ ጽፈው ከሦስት ወር በኋላ መፈጸም አለመፈጸሙን ቢያዩ፣ ይህ ከአዳራሽ ሰዓት ይልቅ ነጥብ ይገባዋል። በማሳደሻው ቅጽ ላይም የሥልጠናው ርእስና ሰዓት ከሚጻፍበት ዓምድ ቀጥሎ፣ ከዚህ የተነሣ በአሠራርህ ምን ለወጥህ የሚል ዓምድ ይጨመርበት። መምህራኑም ሐኪሙን ወደ ሆቴል ከመጥራት ይልቅ እነርሱ ወደ እርሱ ይሂዱ፤ አንድ ሳምንት አብረውት ዙር ያድርጉ፤ ከሌሊቶቹም ቢያንስ አንዱን በተረኝነት ይደሩ። የመጀመሪያው መምህር የሚሄዱበት ቀን ሲወሰን ንገሩኝ፤ አልጋና እራት እንዲያሰናዱላቸው ከሆስፒታሉ ሰዎች ጋር የምነጋገረው እኔው ነኝ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ ጠቅላላ ሐኪም