የተውሶ ጭብጥ

ሃያስያን «ጭብጥ» ሲሉ የድርሰቱን አንኳር ሐሳብ ማለታቸው ነው። እኔ ዛሬ የምሟገትለት ጭብጥ ግን ከዚያ የሚቀድመው፣ የአምስቱ ጣቶች ጭብጥ ነው። በግጥም ወዳጆች ፊት ስለ ብረት ማንሳት ማውራት ድፍረት እንደሆነ አልጠፋኝም። ሆኖም ነገሩ ዞሮ ዞሮ የቃልና የእውነት ጉዳይ ሆኖ ስላገኘሁት ታገሡኝ።

ቀን በባንክ መስኮት ጀርባ ተቀምጬ የሰው ገንዘብ እቆጥራለሁ፤ ማታ ሰፈራችን ካለች አንዲት የቆርቆሮ ጂም ገብቼ ብረት አነሣለሁ። ጂሟን የጀመሯት ልጆች ጣሳ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው፣ በውኃ ቧንቧ ጫፍና ጫፍ ተክለው ነበር የሚያነሡት። ዛሬ የፋብሪካ ባርና ዲስክ አላት። ከባሩ ጋር ደግሞ ማሰሪያው መጣ። ለማያውቁት፦ ከጠንካራ ጨርቅ የተሰፋ ጥብጣብ ነው፤ አንዱ ጫፉ በእጅ አንጓ ላይ ይጠልቃል፣ ሌላው በብረቱ ላይ ይጠመጠማል። ያን ጊዜ ሸክሙ ከጣት ወደ አንጓ ይዛወራል፤ ጣት ቢዝልም ብረቱ አይወድቅም። (አንጓ እንዳይታጠፍ ከሚደግፈው መጠቅለያ ጋር አታምታቱት፤ መጠቅለያው ብረት አይዝም።)

በእኛ ጂም ገና ሰውነቱ ሳይሟሟቅ፣ ሕፃን በሚያነሣው ብረት ላይ ሳይቀር ማሰሪያውን የሚጠመጥም ሞልቷል። ከዚያ ደረቱን ነፍቶ «ዴድሊፍት እንዲህ ያህል ኪሎ ነኝ» ይላል። «ነኝ» ነው የሚለው፤ «አነሣሁ» እንኳ አይደለም። ጠቤ ከዚህች «ነኝ» ጋር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ እኔም «160 ኪሎ ነኝ» እያልሁ ኖሬአለሁና ጠቡን የምጀምረው ከራሴ ነው።

ባለፈው ክረምት አንድ ሌሊት አባቴ ታመሙ። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ አሳንሰር የለውም። በወንበር አስቀምጠን ልናወርዳቸው ተነሣን፤ አንድ የጎረቤት ልጅ ከላይ፣ እኔ ከታች ሆኜ የወንበሩን እግሮች ያዝሁ። አባቴ 60 ኪሎ አይሞሉም። ጀርባዬ ምንም አላለኝም፤ እግሬም አልተንቀጠቀጠም። ሁለተኛው ፎቅ ስንደርስ ግን ጣቶቼ አንድ በአንድ መከፈት ጀመሩ። እያየኋቸው ይከፈታሉ፤ እዘዛቸዋለሁ፣ አይሰሙኝም። አባቴ የወንበሩን ክንድ ጨምድደው ዝም ብለው ያዩኝ ነበር።

መርካቶ ጆንያ ተሸክመው የሚያድሩ ጎረቤታችን በራቸውን ከፍተው ወጡ። ዕድሜያቸው ከአባቴ ብዙም አያንስም። «ልጄ፣ ለእኔ ልቀቅልኝ፤ አንተ ባትሪውን ያዝልን» አሉኝ። ለቀቅሁላቸው። ከሁለተኛ ፎቅ እስከ ታክሲው ድረስ አንዴም ሳያሳርፉ አደረሷቸው፤ እኔ ባትሪ እያበራሁ ፊት ፊት ሄድሁ። አባቴ ዛሬ ደኅና ናቸው፤ የዚያን ሌሊት ነገር አንሥተውብኝም አያውቁ። ባያነሡም እኔ አልረሳሁትም።

በማግሥቱ ሳምንት ጂም ገብቼ ያለ ማሰሪያ ሞከርሁ። 100 ኪሎ ላይ ብረቱ ከእጄ አመለጠ። የቀረው 60 የማን ነበር?

ይህን ስናገር ጓደኞቼ ይነሡብኛል። «ቀበቶስ? ጫማስ? እነሱም አጋዥ አይደሉም ወይ?» ይሉኛል። ቀበቶ ሆድህ የሚገፋው ግድግዳ ይሆንልሃል፤ ገፊው ግን አንተው ነህ። ማሰሪያ የአንድን የሰውነት ክፍል ሥራ ተቀብሎ ይሠራል። ልዩነቱን ለማየት ሐኪም መሆን አያሻም።

«ታላላቆቹም ያስራሉ» ይባላል። እውነት ነው። አይስላንዳዊው ሃፍቶር ብዮርንሰን እ.ኤ.አ. በ2020 501 ኪሎ ከመሬት ሲያነሣ ማሰሪያ አድርጎ ነበር፤ በኋላም ክብረ ወሰኑን ራሱ አሻሽሎታል። የዚያ ውድድር ሕግ ይፈቅድለታል፤ ማሰሪያው ከዓለም ፊት ነው፤ የተታለለ የለም። በኦሊምፒክ ክብደት ማንሳት መድረክ ላይ ግን ማሰሪያ ክልክል ነው። ጆርጂያዊው ላሻ ታላካድዜ እ.ኤ.አ. በ2021 በቶኪዮ 265 ኪሎ ከአናቱ በላይ ሲያቆም በእጁ የነበረው ነጭ የማግኒዥየም ዱቄትና የራሱ ጣት ነው። ምሥጢሩ አውራ ጣትን ከብረቱ ጋር አጣብቆ በሌሎቹ ጣቶች ሥር መቆለፍ ነው። ያማል፤ ሞክሬው ጥፍሬ ጠቁሯል። እነዚሁ ሰዎች በልምምድ ጊዜ ከባድ ብረት ደጋግመው ሲስቡ እጃቸውን ለማሳረፍ ያስራሉ። ብረቱን ወደ ትከሻ ሲገለብጡ ደግሞ ይፈቱታል፤ ሙከራው ከከሸፈ እጅ ቶሎ መልቀቅ አለበት፣ የታሰረ አንጓ ይሰበራልና። መቼ እንደሚዋሱና መቼ እንደሚመልሱ ያውቃሉ።

ሦስተኛውን መከራከሪያ ግን አከብረዋለሁ፤ «ጀርባዬ ከእጄ ይበረታል፤ በእጄ ድካም ጀርባዬ ለምን ይቀጣ?» የሚለውን። መልካም፤ እጅህ ሲያልቅበት እሰርና ጀርባህን አሠራ። እጁ የተጎዳም ይሰር። ብድር ነውር ቢሆን ኖሮ እኔም የባንክ እንጀራ ባልበላሁ። ነገር ግን ብድርን በተቀማጭ ዓምድ የጻፈ የባንክ ሠራተኛ በማግሥቱ ወንበሩ ላይ አይገኝም። እኛ በየማታው የምናደርገው ይህንኑ ነው፤ ከማሰሪያው የተበደርነውን ኪሎ በስማችን ተቀማጭ እያደረግን ነው።

ግጥምም እጽፋለሁና እዚህ ላይ ዝም ብል ግብዝ እሆናለሁ። ቤት የሚመቱ ቃላት በተርታ የሰፈሩበት አንድ ደብተር ነበረኝ፤ ስንኝ ሲከብደኝ ከዚያ እየመዘዝሁ እቋጥር ነበር። ቤቱ ይመታል፤ ሐሳቡን የያዘው ግን ደብተሩ እንጂ እኔ አልነበርሁም። ከነዚያ ግጥሞች አንዱን እንኳ ዛሬ በቃሌ አላውቀውም።

በጂማችን ግድግዳ ላይ የእያንዳንዳችን ኪሎ የሚጻፍበት ወረቀት አለ። ባለፈው ወር አሰልጣኛችንን አስፈቅጄ በማስመሪያ አንድ ዓምድ ጨመርሁበት፤ ራስጌው ላይ «በእጅ» ብዬ ጻፍሁ። በስሜ ትይዩ 115 ይላል። የሌሎቹ እስከ ትናንት ማታ ድረስ ባዶ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ በእርሳስ 90 ብሎ ጽፎ፣ መልሶ በላጲስ አጥፍቶታል።