ከባዱ ትምህርት ለማን ነው?

በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ደረጃቸው ከፍ ያለ የፊዚክስና የሒሳብ ክፍሎች አሉ። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች የአካል ጉዳት ያለበት ተማሪ ወደነዚህ ክፍሎች ልግባ ሲል፣ «አስቀድመህ የሚደረግልህን ድጋፍ ተው» ይሉት ነበር። የአገሪቱ ትምህርት መሥሪያ ቤት እ.ኤ.አ. በ2007 መጨረሻ ይህ አሠራር ሕገ ወጥ መሆኑን በደብዳቤ አስታወቀ።

ብዙ ጊዜ የሚቀርበው ምክንያት «ጫናው ይበዛበታል» የሚል ነው። በእኛ እምነት ግን ጫናው ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ከትምህርቱ ይመነጫል፤ የኒውተንን ሕጎች ለመረዳት የሚደረገው ትግል ለማንም አይቀርም፤ ሊቀርም አይገባም። ሁለተኛው ጥያቄውን ማንበብ፣ ግራፉን ማየት ካለመቻል ይመጣል፤ ይህ ፊዚክስ አይደለም። ብሬልና ተጨማሪ ሰዓት የሚያቃልሉት ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ዓይነ ስውሩ አሜሪካዊ አብርሃም ኔሜት፣ ሒሳብ ለዓይነ ስውር አይሆንም የሚል ምክር ተሰጥቶት ሥነ ልቦና አጠና። በኋላ ግን ወደ ሒሳብ ተመልሶ የዩኒቨርሲቲ መምህር ሆነ፤ ሒሳብና ሳይንስ በብሬል የሚጻፉበትንም ሥርዓት ቀረጸ።

በአገራችንም ዓይነ ስውራን ተማሪዎች በአብዛኛው ወደ ማኅበራዊ ሳይንስ ሲመሩ ቆይተዋል። እኛ የፊዚክስ መምህራንም «ቤተ ሙከራው አይመቻቸውም» እያልን ዝም ብለናል። ቤተ ሙከራውን ያደራጀነው ግን እኛው ነን። ስለዚህ እንዲህ ያለ ተማሪ ወደ ክፍላችን ሲመጣ «ትችላለህን?» ከማለታችን በፊት «ምን እናዘጋጅልህ?» ብለን እንጠይቀው። ፈተናውን ግን አናቅልለት፤ እርሱም ይህን አልለመነንም።